የባቡሩ ተቆጣጣሪ፦ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ (1878 – 1911 ዓ.ም)



በዚህ ዐምድ የሶሓቦችንና የዑለማዎችን ታሪክ ማንበብ ለምዳችኋል። ዛሬ የምናነሣቸው ሰው ሙስሊም አልነበሩም። የተወለዱት እዚሁ ትግራይ፣ ከአድዋ አጠገብ ነው። ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ትምህርትና ስለ መሣሪያ (ዛሬ ቴክኖሎጂ ስለምንለው) በአማርኛ ከሁሉ በፊት በሥርዓት ካሰቡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ናቸው። የኢኮኖሚክስም ሆነ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የውጭ ሊቃውንትን ስም ሲደረድር ይውላል፤ ከዚህ ግቢ ተነሥቶ በመኪና ጥቂት ሰዓት የሚደረስበትን የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን የትውልድ ቀዬ ግን ላያውቀው ይችላል። ዲናችን ደግሞ ጠቃሚ ነገርን ከማንም አፍ ቢወጣ መውሰድን ይፈቅድልናል። ከዚያም በላይ፣ እኚህ ሰው ለአባቶቻችን ጉዳይ በጊዜያቸው ጥቂቶች የደፈሩትን ቃል ጽፈዋል፤ ወደዚያ እንደርሳለን፣ ኢንሻአላህ።

የተወለዱት በሐምሌ 1878 ዓ.ም ማይ ምሻም በምትባል ስፍራ ነው። አባታቸው ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወታደር ነበሩ። ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በመጋቢት 1881 ዓ.ም መተማ ላይ ከማሕዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ወደቁ፤ አባትም በዚያው ሞቱ። ያ ዘመን ለትግራይ የመከራ ዘመን ነበር። የከብት በሽታው ጥቂት ቀደም ብሎ በምጽዋ በኩል ገብቶ የእርሻ በሬውን ጨርሶት ነበር፤ ድርቁ፣ አንበጣውና ወረርሽኙ ተከተሉ፤ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሰየመው ረኀብ ይህ ነው። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም፣ ያላረሰ አይበላም፣ ያልበላ ይሰደዳል። ከተሰደዱት መካከል ወደ ኤርትራ የወጣው የባይከዳኝ ልጅ አንዱ ነው። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡና ፊደል ቆጠሩ።

ቀጥሎ የሆነው ተረት ይመስላል። አንድ የጀርመን መርከብ ምጽዋ ወደብ ቆሞ ሳለ ልጆች ሊጎበኙት ወጡ፤ ገብረ ሕይወት ከመርከቡ ሳይወርዱ ቀሩ። መርከቡ ሲደርስ ካፒቴኑ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ ቤተሰቡም እንደ ልጅ አሳደጋቸው። ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ ያዙ፤ በርሊን ላይ ሕክምና እንደ ተማሩም ይተረካል።

የደረሱበትን ሀገር ሁኔታ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጀርመን በኢንዱስትሪ ከእንግሊዝ ኋላ የተነሣች ነበረች። ፍሬድሪክ ሊስት የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው መጽሐፍ ፋብሪካው ገና ያልጠነከረ ሕዝብ ፋብሪካው ከጠነከረ ሕዝብ ጋር በክፍት በር ቢነግድ ሁልጊዜ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆኖ እንደሚቀር አስረድቶ ነበር። ስለዚህ ልጅ እግር ኢንዱስትሪን በቀረጥ መከለል፣ ሀገርን በባቡር ማያያዝ፣ ሕዝብን ማስተማር ያስፈልጋል ባይ ነው። ጀርመንም ይህን መንገድ ይዛ ገብረ ሕይወት በኖሩባቸው ዓመታት በብረትና በኬሚካል ሥራ እንግሊዝን እየተገዳደረች ነበር። የነጋድራሱን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህ አየር እንደ ሸተታቸው ይገባዋል። ረኀብን በዓይኑ ያየ የአድዋ ልጅ፣ አንድ ሕዝብ በትምህርትና በመሣሪያ ከኋላ ተነሥቶ ከፊት ሲደርስ አየ። ታዲያ ጥያቄው አንድ ነው፦ የእኛስ ለምን አልሆነም?

ወደ ሀገር ሲመለሱ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከዘመናዊ ዕቃ ጋር ገና እየተዋወቀ ነበር። ስልክ ገብቷል፣ ቴሌግራፍ ተዘርግቷል፣ የሐበሻ ባንክ ተከፍቷል፣ መኪና መጥቷል፣ በጥቅምት 1901 ዓ.ም የምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። ጀርመንኛ ዐዋቂው ወጣት በአስተርጓሚነት ቤተ መንግሥት ገቡ። ግን ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ሥልጣኑ በእቴጌ ጣይቱ እጅ ሲሰበሰብ፣ በሕመሙ ዙሪያ ሽኩቻው ሲከር፣ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋር አልተስማሙምና ሀገር ጥለው ወጡ። ተመልሰው ሹመት ያገኙት በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸው ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ በ1904 ዓ.ም አሥመራ ላይ የስዊድን ሚሲዮን ባሳተመው ብርሃን ይሁን በተባለው መጽሔት ወጣ። በመግቢያው ላይ ታሪክ ጸሐፊ ሊኖሩት የሚገቡ ሦስት ነገሮችን ያነሣሉ፦ የሆነውን የሚያስተውል ልቡና፣ ለማንም የማያደላ ፍርድ፣ ያየውንና የፈረደውን የሚገልጽበት የቋንቋ ችሎታ። ኢብን ኸልዱንን (ረሒመሁላህ) ያነበበ ተማሪ እዚህ ላይ ይቆማል። የቱኒሱ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1377 ሙቀዲማውን ሲጽፉ የተነሡት ከዚሁ ነጥብ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ለወገኑ ሲያደላ፣ የሰማውን ሳይመዝን ሲያቀብል፣ የኅብረተሰብን ጠባይ ሳያውቅ ሲተርክ ስሕተት ይገባበታል ብለው። ሁለቱም የነገሥታትን ገድል መደርደር ሰልችቷቸው መንግሥት ለምን ይነሣል፣ ለምን ይወድቃል፣ ሀብት ከየት ይመጣል ወደሚለው ገቡ። ሁለቱም የሀብት ምንጭ የሰው ሥራ እንደ ሆነ አዩ። ሁለቱም ቤተ መንግሥት ውስጥ ሠርተው፣ ተጣልተው፣ ተሰደው ያዩትን ነው የጻፉት። ልዩነታቸው ኢብን ኸልዱን እስከ 73 ዓመታቸው ኖረው መጽሐፋቸውን ደጋግመው ማረማቸው ነው፤ ገብረ ሕይወት ያን ዕድል አላገኙም።

በዚያው ጽሑፍ ስለ ትግራይ የጻፉት ዛሬ ላይ ሆኖ ላነበበው ሆድ ያባባል። ሀገሩ ለምን ባዶ ሆነ፣ ወጣቱ ለምን በየአገሩ ተበተነ ብለው ይጠይቃሉ። ሕዝቡ ሰነፍ ስለሆነ ነው ለሚሉት መልስ አላቸው፤ ጦር ሲመላለስበት የኖረ ሀገር፣ የዘራውን ወታደር የሚበላበት ገበሬ፣ ሀብት ሊያጠራቅም አይችልም። ሀብት ያላጠራቀመ ደግሞ ልጁን አያስተምርም፣ የተሻለ መሣሪያም አይገዛም። ድህነትን የጠባይ ጉድለት ከማድረግ ይልቅ የሥርዓት ውጤት አድርገው ማየታቸው ነው የሶሻል ቲዎሪ ሰው የሚያሰኛቸው። እኛም ከጦርነቱ በኋላ የተማሪው ፍልሰት ሲነሣ ይህንኑ ክርክር በየካፌው እንከራከራለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ከእሳቸው ያነሰ በማስተዋል ነው።

ጽሑፉ በትችት ብቻ አያበቃም፤ ለአዲሱ መሪ ለልጅ ኢያሱ የተሐድሶ ሐሳብ ያቀርባል። ግብር እንደየሰው አቅም ይተመን፤ የመንግሥት ገንዘብና የንጉሥ የግል ገንዘብ ይለይ፤ ሹማምንት ከገበሬው ከሚነጥቁ ደመወዝ ይቆረጥላቸው፤ አንድ ዓይነት ገንዘብ ይኑር፤ የተጻፈ ሕግ ይውጣ፤ ወታደር ይሠልጥን፤ ትምህርት ቤት ይስፋፋ፤ የጉምሩክ ሥርዓት ይስተካከል። ስለ ገንዘቡ እዚህ መቀሌ ለምንኖር ማብራሪያ አያስፈልገንም። ከአፋር ዝቅታ በግመል የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚያልፈው በዚችው ከተማ ነበር፤ በአንድ ገበያ ጨው፣ በሌላው የማርያ ቴሬዛ ብር፣ በሌላው ጥይት እንደ ገንዘብ ሲሠራበት ነጋዴው በምንዛሬው ብቻ ይከስራል። በየኬላውም ቀረጥ ይከፍላል። ያ ሲራራ ነጋዴ ማን ነበር? በብዛት ሙስሊሙ ነው። የነጋድራሱ የጉምሩክ ሐሳብ ለአያቶቻችን በቀጥታ ይመለከታቸው ነበር።

ከሐሳቦቹ አንዱ የሃይማኖት ነፃነት እንዲታወጅ የሚጠይቅ ነው።

ይህን ቃል በዘመኑ ውስጥ አስቀምጠን እንየው። በ1870 ዓ.ም በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ አገሩ በአንድ ሃይማኖት እንዲጸና ወሰኑ፤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የተባሉት በዚያ ጊዜ ነው። ያልተቀበሉት ተዋጉ፣ ተሰደዱ፣ ብዙዎችም ሞቱ። በትግራይ ያለው ሙስሊምም የዚሁ ሥርዓት ገፈት ቀማሽ ነበር። እንግዲህ ገብረ ሕይወት የዚያ ንጉሥ ወታደር ልጅ ናቸው፤ አባታቸውም የሞቱት እስላማዊ መንግሥት ነኝ ከሚል ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። ቂም ለመያዝ ከእሳቸው የተሻለ ሰበብ ያለው ጥቂት ነው። እሳቸው ግን በ26 ዓመት ዕድሜያቸው አካባቢ፣ በቦሩ ሜዳ ለተጠመቁት ለሚካኤል ልጅ ለኢያሱ ሲጽፉ፣ መንግሥት ከሰው እምነት ላይ እጁን ያንሣ አሉ። ምክንያታቸው ለእኛ ከማዘን የመነጨ አይመስለኝም። ሰው በእምነቱ ሲሳደድ አይሠራም፣ አያጠራቅምም፣ አይማርም፤ መንግሥትም ከዚያ ሰው ሊያገኝ የሚችለውን ሁሉ ያጣል። በስሌት የተደረሰበት ነፃነት ነው ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ከርኅራኄ ይልቅ ስሌቱ ይበልጥ ጽኑ መሠረት ይመስለኛል፤ ርኅራኄ ንጉሥ ሲለወጥ ይለወጣልና። በ2017 ዓ.ም አክሱም ላይ የሒጃብ ጉዳይ ተነሥቶ እህቶቻችን ከትምህርትና ከፈተና ሲጉላሉ ያየን ሰዎች፣ ይህ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በፊት የዚያው አካባቢ ልጅ እንደ ጻፈው ብናስታውስ ከቦታው የወጣ አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። በደጋው ትግራይ ጀበርቲው ለረጅም ዘመን ርስት አልነበረውም፤ የሙስሊምን ርስት ሰማይን ከማረስ ጋር የሚያመሳስል ተረት እንኳ ይተረት ነበር። መሬት የተከለከለ ሰው ምን ይሠራል? ይነግዳል፣ ይሸምናል፣ ይሰፋል፣ ያንጥራል። ስለዚህ የሀገሪቱ የእጅ ሙያና የንግድ ዕውቀት ትልቁ ክፍል የተጠራቀመው ክብር በተነፈጋቸው ሰዎች እጅ ነው፦ በሙስሊሞች፣ በቤተ እስራኤሎች፣ ቡዳ እየተባሉ በሚሰደቡ ቀጥቃጮች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል። ሸማኔውን ንቆ የሸማ ፋብሪካ፣ ቀጥቃጩን ንቆ የብረት ፋብሪካ የሚመኝ ሀገር ነበርን። ገብረ ሕይወት በዋናው መጽሐፋቸው ሥራን የሀብት ሁሉ መነሻ ሲያደርጉ፣ ሳያርስና ሳይሠራ የሚበላውን ከሚሠራው በታች ማስቀመጣቸው ነው። በዚያ ጊዜ ለነበረው መኳንንት ይህ የሚዋጥ አልነበረም።

ዋናው መጽሐፍ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ይባላል። ማዕከላዊ ሐሳቡን በራሴ ምሳሌ ላስረዳ። አንድ የአድዋ ሸማኔ ቀኑን ሙሉ በእጁ ሲሸምን ይውላል። ባሕር ማዶ ያለው ሠራተኛ በዚያው ቀን በመኪና የሚሸምነው ብዙ እጥፍ ነው። አቡጀዴው በባሕር መጥቶ አድዋ ገበያ ላይ ሲዘረጋ ከሸማኔው ጋቢ ይረክሳል። ገዢው ወደ አቡጀዴ ይዞራል፤ ሸማኔው መሣሪያውን ይሰቅላል። አቡጀዴውን ለመግዛት ደግሞ ሀገሩ ቡናውን፣ ቆዳውን፣ የዝሆን ጥርሱን ይልካል። ልውውጡ ላይ ላዩን ሲታይ እኩል ነው፤ ብር በብር ተመዝኗል። ውስጡ ሲታይ ግን የእኛ ሰው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ሰዓት ድካም ይቀበላል። ዕውቀት ያለው ሕዝብና የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ዕውቀት የሌለው ለባለ ዕውቀቱ ሳያውቀው ያድራል፤ ባንዲራው ቢውለበለብም። በላቲን አሜሪካ የጥገኝነት ቲዎሪ የሚባለው ክርክር የተነሣው ከዚህ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ነው። የኛ ሰው የጻፉት ግን በአማርኛ ነው፤ ለዚያውም ቤታቸው የተናገሩት ትግርኛ፣ ትምህርት ቤት የተማሩት ጀርመንኛ ሆኖ።

እንግዲህ ትምህርት በእሳቸው ዘንድ ጌጥ አይደለም። አንድ ሕዝብ ነፃነቱን የሚጠብቅበት መሣሪያ ነው፤ ከጠመንጃ ይልቅ። አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም የተገኘውን ድል አላቃለሉም፤ ግን ያን ጠመንጃ የሠራው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የሚችል አእምሮ ነበራቸው። ጠመንጃን ሳይሠሩ በየዓመቱ እየገዙ ነፃ መሆን እስከ መቼ ያዛልቃል? ጃፓንን በምሳሌነት የሚያነሡትም ለዚህ ነው። ጃፓን የአውሮፓን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚሠራበትን ዕውቀት ወሰደች። ይህ የጃፓን ነገር በዚያ ጊዜ የሙስሊሙን ዓለም አእምሮም ይዞት ነበር፤ ግብፃዊው ሙስጠፋ ካሚል እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ጃፓን አንድ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ካይሮም አዲስ አበባም ያሉ ወጣቶች በአንድ ጊዜ አንድ አገር ላይ ዓይናቸውን ተክለው ነበር፣ ሱብሓነላህ።

አሁን ወደ ባቡሩ። ገብረ ሕይወት የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆነው ተሹመዋልና ነገሩን በወሬ አያውቁትም። የፈቃዱ ውል ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም መጀመሪያ ገደማ ድሬዳዋ ደረሰ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው። ወደ 780 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋው መንገድ ገንዘቡ የውጭ፣ ባለሙያው የውጭ፣ ወደቡም የውጭ ነበር። ብዙ ሰው ባቡር መጣ ማለት ሥልጣኔ መጣ ማለት ነው ብሎ እልል ሲል፣ ተቆጣጣሪው ሌላ ሒሳብ ያዙ። ባቡር ዕቃ ያመላልሳል፤ የሚያመላልሰው ግን ያለውን ነው። ሕዝቡ ዕውቀት ኖሮት የሚሠራ ከሆነ ምርቱን ያወጣለታል፤ ዕውቀት ከሌለው ግን የውጭውን ዕቃ ይበልጥ አርክሶ እስከ ደጁ አምጥቶ ባለ እጁን ይጨርስበታል። ስለዚህ ከሐዲዱ ጋር ትምህርት ካልሄደ ሐዲዱ ራሱ የድህነት መንገድ ይሆናል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሐረርን መመልከት ይበቃል። ሐረር ለዘመናት የንግድና የዒልም ከተማ ነበረች፤ ቁርኣንና ኪታብ የሚገለበጥባት፣ የመጽሐፍ ድጉሷ የታወቀ፣ ከዘይላና ከበርበራ የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፍባት። መሐንዲሶቹ ተራራውን መውጣት ስለ ከበዳቸው ሐዲዱን በቆላው አሳለፉት፤ ድሬዳዋ ከምንም ተነሥታ ከተማ ሆነች፣ የሐረር ገበያ ደግሞ እየቀዘቀዘ ሄደ። ውሳኔው የተሰጠው በወረቀትና በገንዘብ ስሌት ነው፤ የከተማዪቱን ሰው የጠየቀ አልነበረም። ቴክኖሎጂ ወገን የለውም ለሚለን ሰው ይህን ታሪክ ማሳየት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ውስጥ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ሲቋረጥ የእጃችን ስልክ ምን እንደ ነበረ እናስታውሳለን፤ ሰዓት ማያና ፋኖስ። ገንዘባችን ባንክ ነበረ፣ እጃችን ላይ ግን አልነበረም። መሣሪያን መያዝና መሣሪያን ማዘዝ የተለያዩ መሆናቸውን የባቡሩ ተቆጣጣሪ በወረቀት ጻፉት፣ እኛ በኑሮ ተማርነው። ዛሬ በክፍላችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይግባ አይግባ እያልን ስንከራከርም ጥያቄው ያው ነው፦ ቋንቋችንን ማን አስተማረው? ማን ያዘዋል? ተማሪው በእሱ ሥራውን ይሠራበታል ወይስ ሥራውን ይተውለታል?

ሰውየውን ግን ያለ ትችት ማንበብ የለብንም፤ እሳቸውም ለማንም የማያደላ ፍርድ ነው የጠየቁት። ዕውቀት ሲሉ በአብዛኛው የአውሮፓን ዕውቀት ማለታቸው ነው። ሕዝቦችን በመሰላል ላይ ደርድረው አውሮፓን ከላይ ያስቀምጣሉ፤ ይህ የዘመናቸው በሽታ ነው፣ ከእሱም አልዳኑም። በወሎ በዳና፣ በጀማ ንጉሥና በገታ ደረሳው ኪታብ ይዞ የሚያድርበት፣ ከመንግሥት አንድ ብር ሳይቀበል በሕዝብ ሶደቃ የሚቆም የትምህርት ሥርዓት ነበር። በዐጀም ፊደል የሚጻፍ መንዙማ ፊደል ያልቆጠረውን ገበሬ ጭምር ያስተምር ነበር። የቤተ ክርስቲያኑም የቅኔና የዜማ ቤት እንዲሁ። አዲስ ትምህርት በእነዚህ ላይ ቢተከል ሥሩ ይጠልቅ ነበር፤ በእነዚህ ቦታ ላይ ሌላ ማምጣት ግን ኋላ ላይ የደረሰብንን፣ ከቤቱ ተነቅሎ ከፈረንጁም ያልደረሰ ምሩቅ አበዛ። ኢብን ኸልዱን በዚህ ላይ የተሻለ ያያሉ፤ ትምህርት ልምድ ነው፣ ሙያም ልምድ ነው፣ በተከታታይ ሰው ከሰው እየተቀባበለ ነው የሚጸናው፤ በችኮላና በቁጣ የሚሰጥ ትምህርት ልጁን ውሸትና ፍርሃት ያስተምረዋል ይላሉ። ገብረ ሕይወት ትምህርት ምን እንደሚያስገኝ አበክረው አስረድተዋል፤ እንዴት እንደሚሰጥ ግን ያን ያህል አላሰቡበትም። ከለውጡም ብዙውን የጣሉት በንጉሡ ላይ ነው፤ አስተዋይ ንጉሥ ካለ ይሆናል ብለው። ኢያሱ ያ ንጉሥ አልሆኑም።

ኢያሱ ከሙስሊሞች ጋር መቀራረባቸው፣ በኦጋዴንና በሐረር ከሡልጣኖችና ከሸኾች ጋር መወዳጀታቸው እንደ ወንጀል ተቆጠረባቸው፤ ሰልመዋል ተብለው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ከሥልጣን ተወገዱ። የሃይማኖት ነፃነት ይታወጅ የተባለበት ጽሑፍ ከወጣ ገና አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ክሱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ በሀገሪቱ ውስጥ የአንድን መሪ እጣ የሚቆርጠው የግብር፣ የትምህርት ወይም የባቡር ጉዳይ ሳይሆን ከሙስሊም ጋር በአንድ ማዕድ መቅረቡ መሆኑ ብዙ ነገር ይናገራል።

ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ የመጣላቸው በመጨረሻ ዓመታቸው የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሲሆኑ ነው። ቦታው ለእሳቸው የተሠራ ይመስላል። በመጽሐፍ የጻፉት ሁሉ እዚያ ጣቢያው ላይ በዓይን ይታያል፦ ወደ ባሕር የሚወርደው ቡናና ቆዳ፣ ከባሕር የሚወጣው አቡጀዴ፣ መጠጥና ጠመንጃ። ዙሪያቸው ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ የመናዊው ዐረብ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ ይነግዳል። የሀገሪቱ የንግድ ሚዛን በየቀኑ በእጃቸው ያልፍ ነበር ማለት ነው።

በሰኔ 1911 ዓ.ም መጨረሻ ሞቱ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ገና አልሞላቸውም ነበር። ዋናው መጽሐፋቸው በእጅ ጽሑፍ እንደ ተቀመጠ ቀረ፤ ጳውሎስ መናመኖ የተባሉ ሰው በ1916 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ እስኪያሳትሙት ድረስ አምስት ዓመት ጠበቀ። ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ብዙ አንባቢ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ለንደን ውስጥ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ነው የውጭ የኢኮኖሚ ሰዎች ያወቁት። አማርኛው ለዛሬ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ለኢኮኖሚ ቃላት ገና ስም ያልወጣላቸው ስለ ነበር ጸሐፊው በየገጹ ይቸገራሉ። ከንግድና ከገንዘብ ክፍሉ የጀመረ ግን አይቸገርም፤ ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚረዳው ነገር ነው።